መደብ፣ አትሮንስ፣ መድረክ

ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ አምቦ በሚያቀናው አውራ ጎዳና ቡራዩን አልፈው ጥቂት እንደተጓዙ መናገሻ የሚባል ስፍራ ይገኛል። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው። መናገሻ ማለት የሚነገሥበት፣ ዘውድ የሚደፋበት ቦታ ማለት ነው፤ ከጥንት ነገሥታት አንዳንዶቹ በዚያ አምባ ላይ ነግሠዋል የሚል ትውፊትም ከስሙ ጋር አብሮ ይኖራል። የትውፊቱን እውነትነት መመርመር የታሪክ ሊቃውንት ተግባር ነው። ለኪነ ጥበብ ተመልካች ግን ስሙ ብቻውን አንድ ጥያቄ ያነሣል። ለሕዝብ መሰብሰቢያ የሚመቸው ሜዳው ሆኖ ሳለ፣ ዘውድ የሚደፋው ሰው ወደ ላይ እንዲወጣ የተፈለገው ለምንድን ነው?

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሰው ሁሉ እንዲያየው ነው። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ብዙ አያራምድም። በአምባ አናት ላይ የቆመን ሰው ከግርጌ ያለው ሕዝብ አሳንሶ ያየዋል እንጂ አጉልቶ አያየውም። ከፍ ያለ ስፍራ ለመታየት ይጠቅማል፤ ለማየትም ይጠቅማል፤ ከሌላው ለመለየትም ይጠቅማል። ሦስቱ አንድ አይደሉም። በግንባታም ሆነ በሥርዓተ በዓል ሦስቱ ሲቀላቀሉ ነው ከፍታ ከክብር ጋር የሚምታታው። ከፍታ በራሱ ክብር የለውም፤ ክብሩን የሚያገኘው ከሚሸከመው ነገር ነው። ስለዚህ አንድን ከፍ ያለ ስፍራ፣ የጭቃም ይሁን የድንጋይ ወይም የእንጨት፣ ለመመዘን ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። በላዩ የተቀመጠው ምንድን ነው? ከላዩስ መውረጃ አለው ወይ?

ቋንቋው ራሱ በዚህ ጉዳይ ሲያሰላስል የኖረ ይመስላል። መደብ የሚለው ቃል በገጠር ቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ በጭቃ የሚሠራውን መቀመጫና መኝታ ያመለክታል። በገበያ ነጋዴ ሸቀጡን የሚዘረጋበት ስፍራም መደብ ነው፤ በጓሮ ጎመን የሚተከልበት፣ አፈሩ ከፍ ብሎ የተስተካከለው ቁራሽ መሬትም መደብ ነው። ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ያው ቃል ሰዎች በኑሮና በሀብት የሚከፈሉበት ወገን መጠሪያ ሆነና ገዥ መደብ፣ ጭቁን መደብ ይባል ጀመር። አልጋ የድካም ማሳረፊያ ነው፤ ዙፋንም ነው፤ የንጉሥ ልጅ አልጋ ወራሽ ይባል ነበር። ወንበር የእንግዳ መቀመጫ ነው፤ ዳኝነትም ነው፤ የቅኔ መምህርም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ደረጃ የእግር መርገጫ ነው፤ ማዕርግም ነው። በእነዚህ ቃላት ሁሉ አንድ ነገር ይደጋገማል። ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ ስም ውሎ አድሮ የሰውየው ስም ይሆናል። ጭቃውና እንጨቱ ይረሳና በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ይቀራል።

ስለዚህ ነገሩን ከጭቃው መጀመር ይገባል።

በደጋው ገጠር ቤት መደቡ ከወለሉ ብዙ ከፍ አይልም፤ የተቀመጠ ሰው እግሩ መሬት ይነካል። አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፍበትና እንግዳ ሲመጣ ከፍ እንዲል ይለመናል፤ የቤቱ ልጆች ዝቅ ይላሉ። መደቡን የሠራው ባለቤቱ ነው፤ የሚከበርበት ግን የመጣው ሰው ነው። በዚያው ቤት መካከል ከፍ ብሎ የሚቆም ሌላ ነገር አለ፤ መሶብ ነው። ቤተሰቡ ይከብበዋል እንጂ አይወጣበትም። የመሶቡ ከፍታ የእንጀራው ከፍታ ነው፤ ክብነቱም ለሁሉም እጅ እኩል ርቀት ይሰጣል። እርግጥ ነው፣ በአሮጌው ልማድ ሴቶችና ልጆች ከመሶቡ የሚደርሱት ዘግይተው ነበር፤ የቅርጹን ቅንነት የኑሮው ሥርዓት ሁልጊዜ አላከበረለትም። ቢሆንም ቅርጹ ይመሰክራል፤ ከፍ ያለው የጋራ የሆነው ነገር ነው።

ከቤት ወደ ማሳ ሲወጣ ደግሞ ማማ ይገኛል። በባላዎች ላይ እንጨት ተረብርቦ ይሠራል፤ ከላዩ ወንጭፍ የያዘ ልጅ ተቀምጦ ሰብሉን ከወፍና ከዝንጀሮ ይጠብቃል። በቤቱ ታናሽ የሆነው በአካባቢው ሁሉ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም ግን አይሰግድለትም። የወጣው ለማየት ነው፤ የሚያየውም ለሌላው ነው። እህሉ ሲገባ የማማው ሥራ ያበቃል፤ ልጁም ወርዶ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወታል። ከፍታ ከአገልግሎት ጋር የተጣመረበት፣ መውረጃውም አብሮ የተሠራለት እንዲህ ያለ ንጹሕ ምሳሌ በቤተ መንግሥት ግንባታ ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል።

የድንጋዩ ታሪክ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራው የየሐ ቤተ መቅደስ በእርከን በተነሣ መሠረት ላይ የቆመ ነው። በአክሱም የተገኙት ታላላቅ ሕንፃዎችም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፍራንሲስ አንፍሬ መሪነት የተቆፈረውን ዱንጉርን ጨምሮ፣ ዋናው ቤታቸው በከፍተኛ የድንጋይ መሠረት ላይ የተቀመጠና በሰፊ ደረጃ የሚወጣበት ነበር። በዚያ ደረጃ ላይ የሚራመድ እንግዳ ከባለቤቱ ፊት ከመድረሱ በፊት ትንፋሹ ያጥራል፤ ሕንፃው ከሰውየው ቀድሞ ይናገራል ማለት ነው። በዚችው ከተማ ግን የሌላ ዓይነት ከፍታ ምልክትም አለ። በአክሱም የድንጋይ መናብርት መሠረቶች ተርታቸውን ይታያሉ፤ የዐፄ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍም ከድል በኋላ መንበር መተከሉን ይናገራል። በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ በዚያ የቆመውን የእብነ በረድ መንበርና የግሪክኛ ጽሑፉን ገልብጦ ለትውልድ አስተላልፏል። በድል ማግሥት የሚተከል እንዲህ ያለ መንበር ለአምላክ የሚሰጥ መባ ነበር። ድል አድራጊው ከፍ ያለ መቀመጫ ሠርቶ ለሌላ ይሰጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ፤ የከፍታው ባለቤት ከእርሱ የሚበልጥ እንዳለ በገዛ መንበሩ ይመሰክራል።

የላሊበላ ጠራቢዎች ደግሞ ነገሩን ገለበጡት። ቤተ ጊዮርጊስ ባለ ሦስት እርከን መሠረት ላይ የቆመ ሕንፃ ነው፤ ነገር ግን መሠረቱም ሕንፃውም ከምድር በታች ናቸው። የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ከእግሩ ደረጃ እኩል የተንጣለለውን ጣሪያና በላዩ የተቀረጸውን መስቀል ነው። ወደ ሕንፃው ለመድረስ በዓለቱ መካከል በተቆረጠው መተላለፊያ መውረድ ይኖርበታል፤ ወርዶ ሲያበቃ ብቻ 12 ሜትር ያህል የሚሆነውን ከፍታ አንገቱን አቅንቶ ያያል። በሌላው ዓለም ከፍታ የሚገኘው ድንጋይ በድንጋይ ላይ በመደርደር ነው፤ እዚህ ግን የተገኘው ዙሪያውን ዝቅ በማድረግ ነው። ተመልካቹ ራሱን ዝቅ ሳያደርግ የሕንፃውን ከፍታ እንዳያይ ተደርጎ ተሠርቷል።

ይኸው ሐሳብ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ በሰፊው ይታያል። አትሮንስ የሚለው ስም ምንጩ ዙፋን የሚል ትርጉም ያለው የግሪክኛ ቃል ነው፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ በእደ ማርያም በአማራ ሳይንት ያሠሩት ደብር አትሮንሰ ማርያም ሲባል የማርያም ዙፋን ማለት ነበር። ውሎ አድሮ ግን ቃሉ የመጽሐፍ ማስቀመጫ ስም ሆነ። መደብና አልጋ ከዕቃነት ተነሥተው የሥልጣን ስም ሲሆኑ፣ አትሮንስ በተቃራኒው ከዙፋንነት ተነሥቶ መጽሐፍ የሚሸከም እንጨት ሆነ። ንጉሥ የተቀመጠበት ስም ላይ መጽሐፍ ተቀመጠበት። በቅኔ ማሕሌቱም ሊቃውንቱ የሚያሸበሽቡት ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ በአንድ ወለል ላይ ነው። አንዱ ወገን ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥር 10 ቀን፣ ታቦቱ በካህን ራስ ላይ ሆኖ ወደ ውሃ ዳር ይወርዳል። በዚያ ቀን ከፍ ያለው ስፍራ የሰው ራስ ነው፤ ጉዞውም ቁልቁል ነው። በዓሉ በዓል የሚሆነው በመውረዱ ነው።

* * *

የሥልጣን ከፍታ ግን መውረድን አይወድም። ይህን ለመረዳት አዲስ አበባን የከበቡትን ተራሮች መመልከት ይበቃል። ከሰበታ በላይ ወጨጫ ይነሣል፤ በአዲስ አበባና በሱሉልታ ሜዳ መካከል እንጦጦ ተጋድሞ ይታያል። ምኒልክ በወጨጫ፣ ከዚያም በእንጦጦ ላይ ሰፍረው ነበር። እንጦጦ ለጠላት የማይመች፣ ለጠባቂ የሚመች አምባ ነው፤ ነገር ግን ብርዱ ይበረታል፤ ማገዶውም አለቀ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከተማው ከሰገነቱ ወደ ፍልውሃው ሜዳ ወረደ። ይሁን እንጂ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉት ሽቅብ ተመልሰው፣ በእንጦጦ ማርያም ነው። ለመንገሥ ወጡ፤ ለመኖር ወረዱ። መናገሻ ከፍ ያለ ነው፤ መኖሪያ ግን ውሃና እንጨት ያለበት ነው።

በሜዳው በተሠራው ቤተ መንግሥትም ከፍታው በሌላ መልክ ተመለሰ። በግብር ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከፍ ባለ ስፍራ በመጋረጃ ተከልለው ይመገቡ ነበር፤ ከዚያም መጋረጃው ተገልጦ ሠራዊቱ በተራ በተራ እየገባ ይበላ ነበር። በአዲስ አበባ ቴአትር ቤት ሳይሠራ መጋረጃ የሚከፈትለት ከፍ ያለ ስፍራ ነበረ ማለት ነው። ተመልካቹ ለመብላት ይገባል፤ እየበላም ያያል፤ ያየውንም አመስግኖ ይወጣል። ሕዝቡ የዚህን ሥርዓት ባሕርይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የወጣ ሁሉ እንደሚወርድ ያስተውላል፤ ከማስተዋሉ ያወጣው ትምህርት ግን የተጣመመ ነው። ሹመት የሚያልፍ ከሆነ ሳያልፍ ብላበት ይላል። ሹመት ማማ መሆኑ ቀርቶ መሶብ ሆነ፤ ያውም አንድ ሰው ብቻ የሚቀርብበት መሶብ።

ከፍታ ወደ ጭካኔ ሲለወጥ ምን እንደሚመስል ደግሞ ስድስት ኪሎ ይመሰክራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደረጃ አናት ላይ ሆኖ ለድሆች ምጽዋት ያሰጥ ነበር። ከታች የተሰበሰቡት ችግረኞች እንዲዘረጉ የተፈለገው እጃቸውን ብቻ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት ወደዚያ ደረጃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ላይ የወረደው ግድያ በሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ቀጠፈ። በዚያው ቅጥር ግቢ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ስፍራ፣ ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በእርከን እየቆጠሩ ያቆሙት ደረጃ እስከ ዛሬ አለ። ወደ ምንም ክፍል አያስገባም፤ ወደ ምንም ሰገነት አያወጣም። ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከብዙ የታሪክ መጻሕፍት ይልቅ ያ ደረጃ የከንቱ ከፍታን ምንነት አሳጥሮ ይናገራል፤ እርከን ላይ እርከን ተቆጠረ፣ የሚደረስበት ግን አልነበረም።

* * *

እንግዲህ ወደ መድረክ መድረስ ይቻላል። ዛሬ መድረክ ሲባል በሰው አእምሮ የሚመጣው ተዋናይ የሚጫወትበት ወይም ተናጋሪ የሚቆምበት ከፍ ያለ ወለል ነው። የቃሉ ጥንታዊ ትርጉም ግን ይህ አይደለም። በግዕዙም፣ በቀድሞውም አማርኛ፣ መድረክ የበር ደፍ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚሻገረው። ቁመቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሥራውም ሁለት ቦታዎችን ማገናኘት ነው። በአሮጌው ሥርዓት በመድረክ አጠገብ የሚቆመው ማን ነበር? ደጅ ጠኚው ነበር። ጉዳይ ያለው፣ የተበደለ፣ ርስቱ የተወሰደበት ሰው በትልቅ ሰው ደጅ ወራት ይቆማል፤ ዓይኑን የሚጥለው በመድረኩ ላይ ነው። ዛሬ መድረክ የተናጋሪው ሆኗል፤ በጥንቱ ትርጉሙ ግን የአቤት ባዩ ነበር።

የአማርኛ ቴአትር ታሪክ ይህን የተረሳ ትርጉም ደጋግሞ ያስታውሳል። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በ1910ዎቹ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለመኳንንቱ ሲታይ፣ በእንስሳት አፍ የሹማምንቱን ጉድ ተናገረ፤ ንግሥት ዘውዲቱም አገዱት። ያ ሥራ የቀረበው አቤቱታ ይዞ ነበር፤ የሆቴሉ ወለል በእውነት ደጅ ሆነ፤ ደጁም ተዘጋ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ደግሞ ሕዝቡን የሰበሰበው ወራሪ ሊመጣ መሆኑን ሊነግረው ነበር፤ ዘፈኑና ተውኔቱ ከዚያ ጥሪ ጋር አብረው አደጉ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ቤት ተመርቆ ሲከፈት የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ታሪኩ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው፤ ንጉሥ በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ከታች የሰው ሚስት አየ፤ ካየም በኋላ ባልዋን አስገደለ። በሀገሪቱ ትልቁ መድረክ ላይ መጀመሪያ የተነገረው፣ ከፍ ካለ ስፍራ የሚያይ ዓይን ምን ዓይነት በደል እንደሚወልድ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበሩ። በዓሉ የንግሥ ኢዮቤልዩ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ደራሲው ካሰበው በላይ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ያ ቤት ግን ከይዘቱ ይልቅ ቅርጹን አወረሰ። ሕንፃው በወረራው ዘመን ለሲኒማ ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ተመልካቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይቀመጣል፤ ወለሉ ከፊቱ ከፍ ብሎ ይቆማል። በትውፊቱ የነበረው ከዚህ የተለየ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ በተቀመጡት መካከል ይዘዋወራል፤ ግጥም ይቀበላል፤ መልሶ ይሰጣል። በበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ በአንድ መሬት ላይ ቆመው በቃላት ይፋለሙ ነበር፤ የተመልካቹ ጆሮ የዳኝነቱ ክፍል ነበር። በእነዚህ ሁሉ ተመልካቹ ይከባል፤ ድምፁም ይገባበታል። የባዕዱን መድረክ መቀበል ስሕተት አልነበረም፤ ብዙ ታላላቅ ሥራዎች ታይተውበታል። ስሕተቱ ሌላ መድረክ ሊኖር እንደሚችል መረሳቱ ነው።

የዚህ መርሳት ውጤት በየከተማው አዳራሽ ይታያል። አዳራሽ ሲታቀድ የመድረኩ ስፋት ብዙውን ጊዜ የሚለካው በረጅም ጠረጴዛ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ አበባ፣ ከአበባው በስተኋላ የክብር እንግዶች። ተዋናይ የሚለብስበት ክፍል አይታሰብም፤ በግራና በቀኝ መውጫና መግቢያ አይበጅም፤ ወለሉ ከፊተኛው ረድፍ ሰው ራስ በላይ ይሆንና የተዋናዩ እግር አይታይም። ቴአትር ወደዚያ ሲመጣ እንደ እንግዳ ይመጣል፤ ጠረጴዛውን ገፍቶ ይጫወታል፤ ሲያበቃም ጠረጴዛው ወደ ስፍራው ይመለሳል። በእንዲህ ያለ መድረክ ላይ የሚጻፍ ተውኔት ቀስ በቀስ ንግግር ይሆናል። ገጸ ባሕርያቱ ፊት ለፊት ተደርድረው ለተመልካቹ ይመክራሉ፤ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። ሐያሲው ደራሲውን ይወቅሳል፤ ይገባል። ነገር ግን ከወቀሳው ጥቂቱ ለግንበኛው መድረስ ነበረበት።

የአደባባዩም ነገር እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ፣ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ የነበረው፣ በእርከን የተሠራ መቀመጫ አለው። መስከረም 16 ቀን ደመራ ሲለኮስ ሕዝቡ በእርከኖቹ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በዓሉ የሚከናወነው ከታች በሜዳው ነው። በዚያው ስፍራ በ1970ዎቹ የአብዮት በዓል ሲከበር መሪዎቹ በክብር ሰገነት ይቆሙና ሕዝቡ በሰልፍ ከፊታቸው ያልፍ ነበር። ድንጋዩ አንድ ነው፤ ሕዝቡ በአንደኛው ሥርዓት ተመልካች፣ በሌላው ታይቶ አላፊ ሆነ። የሕንፃ ትርጉም በድንጋዩ ብቻ አያልቅም፤ ማን ቆሞ ማን ያልፋል የሚለው ይጨርሰዋል።

ይህ ጉዳይ የሥነ ውበት ብቻ እንዳልሆነ የሚያስታውስ አንድ ቀን አለ። የኦሮሞ ሕዝብ ኢሬቻ ሁለት ስፍራ አለው፤ አንደኛው በተራራ አናት ዝናብ የሚለመንበት፣ ሁለተኛው ከክረምት በኋላ ወደ ውሃ ዳር ተወርዶ ምስጋና የሚቀርብበት። የገዳ ጉባኤም የሚቀመጠው በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። በውሃ ዳሩ በዓል ከፍ የሚለው ሰው ሳይሆን በእጅ የተያዘው እርጥብ ሣርና አበባ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በተሠራው መድረክ ላይ ክርክር ተነሣ፤ አንድ ወጣት ወጥቶ ድምፅ ማጉያውን ያዘ፤ ተቃውሞው ተጋጋለ፤ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ በግርግሩም፣ በመንግሥት ቁጥር ብቻ እንኳ፣ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የዚያን ቀን መንስኤ መድረኩ ነበር ማለት አይቻልም፤ መንስኤው ለብዙ ጊዜ የተከማቸ ብሶት ነበር። ግን ብሶት የሚሰማበት ዝቅ ያለ ስፍራ ሲጠፋ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው ባለው በአንዱ ከፍ ያለ ስፍራ ላይ ነው። ደጅ ጠኚ መቆሚያ ሲያጣ በመድረኩ ላይ ይወጣል።

* * *

በሰበታ ለብዙ ዓመታት ዓይነ ስውራንን ሲያስተምር የኖረ ትምህርት ቤት አለ። ስለ መድረክ የሚያስብ ሁሉ ስለዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ቢያስብ ይጠቅመዋል። ለማያይ ተመልካች የወለሉ ከፍታ፣ የጨርቁ ቀለም፣ የአበባው ብዛት ምንም አይነግሩትም። እርሱ የሚጠይቀው ድምፁ ይደርሳል ወይ፣ ቃሉ እውነት አለው ወይ፣ እኔስ ብናገር እሰማለሁ ወይ ብሎ ነው። አንድ መድረክ በዚህ ጆሮ ሲመዘን ብዙ ነገሩ ይራገፋል። ተውኔትም እንዲሁ ይመዘን፤ ዓይን ተጨፍኖ ሲሰማ የሚቆመው ከቆመ፣ ሌላው ጌጥ ነው።

የጎጃምን መንገድ ይዘው ከእንጦጦ ወዲያ ሲሻገሩ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። በማለዳ በዚያ ሜዳ የሚሮጡት ወጣቶች የሚለማመዱት ሣር ላይ ነው። የሚያልሙት ግን ባለ ሦስት እርከን የአሸናፊዎች መቆሚያ ነው፤ ይህ መቆሚያ በኦሊምፒክ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮማ በባዶ እግሩ፣ ፋሺስቶች ወስደው በተከሉት የአክሱም ሐውልት አጠገብ አልፎ ሮጦ አሸንፎ በዚያ ላይ ቆመ። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ደራርቱ ቱሉ አሸንፋ ተከታይዋን ደቡብ አፍሪካዊት ኢሌና ማየርን ጠብቃ አቀፈቻት፤ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን መተቃቀፍ ነው፤ የተደረገውም ከእርከኑ ላይ ሳይሆን ከሜዳው ነው። የአሸናፊዎች መቆሚያ ከብዙ ዙፋኖች የሚሻለው ለዚህ ነው። ማንም በትውልድ አይወጣበትም፤ የሚወጣው በላቡ ነው፤ መዝሙሩ እንዳለቀ ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ውድድርም ከሌሎች ጋር በአንድ መስመር ላይ ይቆማል።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። አዲስ ከተማ ሲገነባ አዳራሽ ይሠራል፤ አደባባይ ይቀየሳል፤ መድረክ ይቆማል። መሐንዲሱ የወለሉን ከፍታ በሜትር ከመወሰኑ በፊት ከአካባቢው ሊማረው የሚችል ብዙ ነገር አለ፤ የመደቡ ልክ አለ፣ እግር መሬት የሚያስነካ፤ የመሶቡ ክበብ አለ፤ ሥራው ሲያልቅ የሚወረድበት ማማ አለ፤ ዙፋንነቱን ትቶ መጽሐፍ የተሸከመ አትሮንስ አለ። በሦስት ወገን ተመልካች የሚከበው፣ ከፊተኛው ረድፍ ጉልበት የማይበልጥ፣ ወደ ሕዝቡ የሚያወርድ ሰፊ ደረጃ ያለው መድረክ ለመሥራት ከሌላው የበለጠ ድንጋይ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በላዩ የሚቆመው ሰው ከታች ያለው መልስ እንደሚኖረው አስቀድሞ ማመን ነው። ጸሐፌ ተውኔቶችም ድርሻ አላቸው፤ ጠረጴዛው ባይነሣ እንኳ ለጠረጴዛ የማይመች ተውኔት መጻፍ ይችላሉ። የመናገሻ አምባ ትውፊቱን እንደያዘ ከመንገዱ ይታያል። ከሥሩ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ግን ሥራ ፈላጊው፣ ነጋዴዋና ተማሪው በየማለዳው ይመላለሳሉ፤ አዲሶቹ አዳራሾች ሲሠሩ በሩ የሚከፈተውም፣ መድረኩም የሚለካው ለእነርሱ መሆን አለበት።